ጭነት የሚያይ የፍሬን ቫልቭ፦ ላስወጣው ወይስ ላስተካክለው?

ጥያቄው ከአንድ የባሕር ዳር ሹፌር የመጣ ነው። አሳጥሬ ላቅርበው።

«ሲንግል ጋቢና ሃይሉክስ አለኝ፤ ኤቢኤስ (ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገው ሥርዓት) የለውም። ባዶዬን ወደ ደብረ ታቦር ወጥቼ ድንች ጭኜ እመለሳለሁ። በጋ ላይ ከኋላ ግራና ቀኝ አንድ አንድ ባሌስትራ (ጭነት የሚሸከም የብረት ንጣፍ) አስጨመርኩ። ከዚያ ወዲህ ጭነት ላይ ፍሬኑ ደከመብኝ፤ የፊት ሸራም ቶሎ ቶሎ ያልቅ ጀመር። አንድ መካኒክ ከሥር ገብቶ የሆነች ማንሻ በሽቦ ሲያስራት ጭነት ላይ ተሻለኝ። ክረምት ሲገባ ግን ሌላ ጣጣ መጣ። ባዶዬን ስሄድ ፍሬን ከያዝኩ ኋላው ወደ ጎን ይሄዳል። ወረታ መግቢያ ላይ ከመገልበጥ ለጥቂት ነው የተረፍኩት። አሁን ሌላ መካኒክ ‹ይቺን ቫልቭ አውጥተን ቱቦውን ቀጥታ እናገናኘውና ተገላገል› ይለኛል። ላስወጣት?»

ወንድሜ፣ እንኳን እግዚአብሔር አተረፈህ። መልሱን አስቀድሜ ልንገርህ። አታስወጣት። ሽቦውንም ዛሬውኑ አስፈታው። ሽቦው ከተፈታ በኋላ ቫልቩ በልኩ እስኪስተካከል ድረስ ደግሞ ከባድ ጭነት አትጫን። ለምን እንደምልህ ግን በደንብ ግባበት። ምክንያቱን ካላወቅህ ነገ ሌላ ሰው ሌላ ነገር ያስርልሃል።

የነገርከኝ ሦስት ነገር ነው፤ ባሌስትራ፣ ሽቦ፣ መንሸራተት። የተለያዩ ብልሽቶች ይመስላሉ። በእኔ እይታ ግን አንዱ ሌላውን እየወለደ የመጣ አንድ ችግር ነው። ቫልቧ ምናልባት ምንም አልሆነችም።

ከሥራዋ እንነሳ። ፍሬን ስትይዝ የመኪናው ክብደት ወደ ፊት ይሄዳል። ሚኒባስ ውስጥ የቆመ ረዳት፣ ሹፌሩ ድንገት ሲይዝበት ወደ ፊት እንደሚንደረደረው ማለት ነው። የፊት ጎማዎች መሬቱን ጫን ይላሉ፤ የኋላዎቹ ይቀልላሉ። የቀለለ ጎማ ብዙ ፍሬን አይችልም። ከበዛበት መዞሩን ያቆምና ይንሸራተታል።

በቁጥር ብናየው ይሻላል። ለስሌት እንዲመች ባዶው መኪና 1600 ኪሎ ይመዝናል እንበል፤ 900 ፊት፣ 700 ኋላ። ደረቅ አስፋልት ላይ ጠንከር አድርገህ ስትይዝ 250 ኪሎ ያህሉ ከኋላ ወደ ፊት ይሻገራል። ኋላ ላይ 450 ይቀራል። አሁን 1000 ኪሎ ድንች ጫንበት። የፒክአፕ ጭነት አብዛኛው የሚያርፈው የኋላ አክስል ላይ ስለሆነ የኋላው ወደ 1600 ይጠጋል። ፍሬን ስትይዝ 400 ያህል ወደ ፊት ቢሻገርም 1200 ይቀራል። ባዶ 450፣ ጭነት 1200። ከሁለት እጥፍ ተኩል በላይ ነው። መኪናው ያው ነው፤ እግርህም ያው ነው። የኋላ ጎማህ ሊሸከመው የሚችለው ፍሬን ግን ጠዋት ስትወጣና ከሰዓት ስትመለስ ፈጽሞ አይገናኝም።

የግፊት ማመጣጠኛ ቫልቭ የተሠራው ለዚህ ነው። ቀስ አድርገህ ስትረግጥ ከማስተር ሲሊንደሩ (ፔዳሉ ከሚገፋው የፍሬን ፓምፕ) የሚወጣው ግፊት ፊትም ኋላም እኩል ይደርሳል። ግፊቱ አንድ ልክ ላይ ሲደርስ ግን ቫልቧ ለኋላው መቆጠብ ትጀምራለች። ልብ በል፣ አትዘጋም። የፊቱ በ10 ሲጨምር የኋላው በ3 ወይም በ4 ይጨምራል እንደማለት ነው። በትንንሽ የቤት መኪኖች ላይ ያ ልክ ፋብሪካ ላይ አንዴ ተወስኖ ያልቃል፤ ሰው ቢጫንም ባይጫንም ያው ነው። ኤቢኤስ ባላቸው አዳዲስ መኪኖች ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ይህን ሥራ ኮምፒውተሩ ይሠራዋል። ባዶና ሙሉ መካከል ሰፊ ልዩነት ያላቸው እንዳንተ ያሉ የጭነት ፒክአፖች ግን ልኩን እንደ ጭነቱ የምትቀያይር ቫልቭ ያስፈልጋቸዋል።

ከመኪናህ ሥር ገብተህ ራስህ እያት። የእጅ ባትሪ ያዝ። ከኋላ አክስሉ በላይ፣ ሻንሲው ላይ የታሰረች ጡጫ የምታህል ብረት አለች። ቀጫጭን የፍሬን ቱቦዎች ይገቡባታል፣ ይወጡባታል። ከጎኗ ረዘም ያለ ማንሻ ይወጣል። የማንሻው ጫፍ ቁመቷ በሚስተካከል አጭር ዘንግ ከአክስሉ ጋር ተያይዟል። መኪናው ሲጫን ሻንሲው ወደ አክስሉ ዝቅ ይላል። ያኔ ዘንጓ ማንሻውን ወደ ላይ ትገፋለች። ማንሻው ወደ ላይ ሲወጣ ቫልቧ «ጭነት አለ» ትልና ለኋላው ብዙ ግፊት ታሳልፋለች። ባዶ ሲሆን ሻንሲው ከፍ ይላል፤ ማንሻው ይወርዳል፤ የኋላው ፍሬን ይቀነሳል።

እዚህ ላይ ቆም በል። ቫልቧ ኪሎ አትመዝንም። የምታየው በሻንሲውና በአክስሉ መካከል ያለውን ርቀት ብቻ ነው። ከርቀቱ ተነስታ ጭነቱን ትገምታለች። ግምቷ የሚሠራው ባሌስትራው ፋብሪካ ሲሠራው እንደነበረ ከሆነ ነው።

አንተ ደግሞ ባሌስትራ ጨመርክ። ሁለት ነገር ተለወጠ። አንደኛ፣ መኪናው ከኋላ ከፍ አለ። ማንሻው ከድሮው ቦታው ወርዶ ቀረ። ስለዚህ አንተ አንድ ቶን ድንች ጭነህ ቫልቧ «ግማሽ እንኳ አልተጫነም» ትላለች። ለኋላው ትቆጥባለች። ሥራው ሁሉ የፊቱ ይሆናል። የፊት ሸራህ ቶሎ የሚያልቀው፣ ጭነት ላይም ፍሬኑ የደከመብህ ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ነገር ብዙ ሰው የማያስተውለው ነው። ባሌስትራው ከፍ ማለቱ ብቻ ሳይሆን ጠንክሯል። ድሮ አንድ ቶን ሲጫንበት የሚወርደውን ያህል አሁን አይወርድም። ስለዚህ ዘንጓን ብታስረዝም እንኳ፣ ባዶ ሲሆን ልክ የሆነው ሙሉ ሲሆን ልክ ላይሆን ይችላል። ይህን ያዘው፤ ማስተካከያው ላይ ስንደርስ እንመለስበታለን።

ከዚያ ሽቦው መጣ። የመጀመሪያው መካኒክ ማንሻውን ወደ ላይ ስቦ ሲያስረው ለቫልቧ «ሁልጊዜ ሙሉ ጭነት ነው» ብሎ ነገራት። ጭነት ላይ የተሻለህ እውነት ነው። የኋላው ፍሬን ተመልሶልሃል። ግን ባዶህን ስትሆንም የአንድ ቶን ፍሬን ይደርሰዋል። 450 ኪሎ ብቻ የቀረው የኋላ ጎማ፣ በዚያ ላይ እርጥብ አስፋልት። ከሐሙሲት ወዲያ ያለው የፎገራ ሜዳ መንገድ ቀጥ ያለና ለጥ ያለ ስለሆነ ፍጥነት ያስጨምራል። በክረምት ከማሳው የሚወጣ ትራክተርና ከብት መረሬ ጭቃ አስፋልቱ ላይ ጥሎ ይሄዳል። እዚያ ላይ የኋላው ቢያንሸራትትህ አይገርምም።

የፊት ጎማ ሲቆለፍ መኪናው መሪ አይሰማም፤ ግን ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው። ፔዳሉን ለቀቅ ስታደርገው መሪው ይመለስልሃል። የኋላ ጎማ ሲቆለፍ ግን ወደ ጎን የሚይዘው ነገር ያጣል። ቂጡ ፊቱን ሊቀድም ይሞክራል፤ መኪናው ይሽከረከራል። ይህ ለብዙ ሹፌር ሊመልሰው ከሚችለው በላይ ፈጣን ነው። ስለዚህ የሃይድሮሊክ ፍሬን ያለው መኪና ሲሠራ የማይጣሰው ደንብ፣ የኋላው ከፊቱ በፊት እንዳይቆለፍ ነው። ሽቦው የጣሰው ይህን ደንብ ነው።

ቫልቧን አውጥቶ ቱቦውን ማገናኘትም ከሽቦው ጋር አንድ ነው። እንዲያውም ይብሳል። ሽቦ ቢያንስ ማንሻውን ነው የሚያስረው፤ ቫልቧ ውስጥ ያለው ቁጠባ በከፊል ይሠራል። ቱቦው ቀጥታ ከተገናኘ ግን ምንም ቁጠባ የለም። ሌላም አለ። በብዙ ሃይሉክሶች ላይ ይህች ቫልቭ ሁለተኛ ሥራ አላት። ከፊት ፍሬን የሚመጣ አንድ ቱቦ ይገባባታል፤ የፊቱ ግፊት እንዳለ ትከታተላለች። የፊቱ ቱቦ ድንገት ቢፈነዳ ቁጠባዋን ትታ ሙሉውን ግፊት ለኋላው ትለቃለች። በዚያች ሰዓት የቀረህ የኋላው ብቻ ነውና። እሷን አውጥቶ ቱቦ የሚቀጥል ሰው ከፊት የመጣውን ቱቦም የሆነ ቦታ መድፈን ሊኖርበት ነው። እዚያ የተደፈነ ብሎን አንድ ቀን ቢያፈስ የፊቱን ፍሬን ይዞብህ ይሄዳል። ይህን ከመሰለ ሥራ ራቅ።

አሁን ወደ ምርመራው። ሽቦው እንደተፈታ ወዲያው ቫልቧ ላይ አትረባረቡ። የኋላ ጎማ እንዲቆለፍ የሚያደርግ ሌላም ብዙ ነገር አለ። በእኔ ልምድ ቫልቧ ከመወቀሷ በፊት ታምቡሮቹ (የኋላ ሸራዎቹን የሚሸፍኑት ክብ ብረቶች) መከፈት አለባቸው።

ሁለቱንም የኋላ ታምቡሮች አስከፍት። መጀመሪያ የምታየው ሸራው ዘይት መንካቱን ነው። ሸራ ትንሽ ዘይት ሲነካው ደክሞ ብቻ አይቀርም፤ አንዳንዴ ድንገት ነክሶ ይይዛል። ዘይቱ ከሁለት ቦታ ይመጣል። አንዱ ሸራውን ከሚገፋው ከዊል ሲሊንደሩ የሚያፈስ የፍሬን ዘይት ነው። ሌላው ከዲፈረንሻሉ በአክስሉ በኩል የሚመጣ ወፍራም ዘይት ነው። በማሽተትና በእጅ በመንካት ይለያሉ። የፍሬን ዘይት ቀጭን ነው፤ የዲፈረንሻል ዘይት ወፍራም ሆኖ ድኝ ድኝ ይሸታል።

የዲፈረንሻል ዘይት ካገኘህ የዘይት መያዣውን ጎማ ቀይረህ ብቻ አትሂድ። አክስሉ ላይ መተንፈሻ አለ፤ ትንሽ ክዳን ያላት ጫፍ። በፎገራ ጭቃ ስትመላለስ ትደፈናለች። ስትደፈን ዲፈረንሻሉ ሲሞቅ የሚፈጠረው ግፊት መውጫ ያጣና በዘይት መያዣው ጎማ በኩል ይገፋል። አዲስ የዘይት መያዣ ታስገባለህ፤ ከትንሽ ጊዜ በኋላ ያፈሳል። መተንፈሻዋን አጽዳት፤ ክዳኗ በጣት ስትነካ መሽከርከር ወይም መነቃነቅ አለባት።

ከዚያ የእጅ ፍሬኑ ሽቦ ሙሉ በሙሉ ይለቅ እንደሆነ፣ ሸራው ከልክ በላይ ጠብቆ እንደሆነ፣ ታምቡሩ ክብነቱን አጥቶ እንደሆነ ይታያል። የኋላ ጎማህ ጥርስ ካለቀ ደግሞ በዝናብ ጊዜ ሌላ ምክንያት መፈለግ አያስፈልግም። ሹፌሮች አዲሱን ጎማ ፊት ያደርጉና ያለቀውን ወደ ኋላ ይወስዱታል። ባዶውን ለሚመላለስ ፒክአፕ ይህ ጥሩ ልማድ አይደለም።

አንድ መለያ ልስጥህ። መኪናው ፍሬን ሲይዝ ሁልጊዜ ወደ አንድ ጎን ብቻ የሚጎትት ከሆነ ጥፋቱ የቫልቧ አይደለም። በአንተ መኪና ላይ ቫልቧ ለሁለቱም የኋላ ጎማዎች የምትልከው ግፊት አንድ ነው። ወደ ግራ ብቻ ከጎተተ አንደኛው ጎማ ላይ ችግር አለ። ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ከሆነ አየር ነው። ፔዳሉን ተጭነህ ይዘኸው ቀስ እያለ ከወረደ ማስተር ሲሊንደሩን ወይም የሚያፈስ ቦታ ፈልግ። ቫልቧን የምንጠረጥረው ፔዳሉ ጠንካራ ሆኖ፣ ሁለቱም የኋላ ጎማዎች እኩል ሲያጠፉ ነው፤ እኩል ሲቆለፉ ወይም እኩል ሲለግሙ።

ቫልቧ ጋ ስትደርስ መጀመሪያ በደንብ ትታጠብ። ጣና ጨው የለውም። እንደ ባሕር ዳርቻ አገር ብረት በጨው አይበላብንም። የእኛ ጠላት ጭቃው ነው። መረሬው ማንሻው መጋጠሚያ ላይ ገብቶ ሲደርቅ ድንጋይ ይሆናል፤ ማንሻውን ባለበት ያስቀረዋል። እግረ መንገዴን አደራ ልበልህ፤ እጥበቱ ሐይቁ ዳር ወይም ዓባይ ዳር አይሁን። ከመኪና ሥር የሚወርደው ቅባትና ዘይት ዓሣው የሚኖርበት ውኃ ውስጥ ነው የሚገባው።

ከታጠበ በኋላ ዘንጓን ከማንሻው ፍታና ማንሻውን በእጅህ ወደ ላይና ወደ ታች አንቀሳቅሰው። ሞላው እየታገለህ መንቀሳቀስና መመለስ አለበት። ንቅንቅ የማይል ከሆነ ወይም ተለቅቆ ከተንዠቀዠቀ ችግር አለ። ማንሻው ወደ ቫልቧ የሚገባበት ቦታ ላይ የጎማ መሸፈኛ አለ፤ ገለጥ አድርገህ ተመልከት። ውስጡ በፍሬን ዘይት ከራሰ የውስጥ ጎሚኒዋ ሄዷል ማለት ነው። እንዲህ ያለች ቫልቭ ትቀየራለች እንጂ አትጠገንም። ታስሮ የቆየው ሽቦ ማንሻውን አጣሞት እንደሆነም እይ። በኃይል ተስቦ የከረመ ማንሻ ቅርጹን ይለቃል።

እስካሁን ያልኩህን ሁሉ ዓይንና እጅ ይሠሩታል። እርግጠኛ የሚያደርግህ ግን የግፊት መለኪያ ነው። ሁለት ያስፈልጋሉ፤ እስከ 100 ባርና ከዚያ በላይ የሚያነቡ። አንዱ በፊት ጎማ፣ ሌላው በኋላ ጎማ የአየር ማስወጫ ብሎን ቦታ ይታሰራሉ። አየሩ ይወጣል። ሞተሩ ተነስቶ አንድ ሰው ፔዳሉን ቀስ በቀስ ይጫናል። የፊቱ 20 ሲደርስ፣ 50 ሲደርስ፣ 80 ሲደርስ የኋላውን ጻፉ። መጀመሪያ እኩል ሆነው ይሄዳሉ፤ ከዚያ የኋላው ወደ ኋላ ይቀራል። ቀጥሎ ማንሻውን በእጅ ወደ ላይ አንስታችሁ ያንኑ ድገሙት። አሁን የኋላው ከቅድሙ ከፍ ማለት አለበት። ማንሻው ወጣ ወረደ ንባቡ ካልተለወጠ ቫልቧ ውስጧ ተጣብቋል። ከተለወጠ በሕይወት አለች። የቀረው ማስተካከል ነው። ትክክለኛው ቁጥር በየሞዴሉ ይለያያል፤ የመኪናህ የጥገና መጽሐፍ በኋላ አክስል ላይ ስንት ኪሎ ሲሆን የኋላው ስንት መሆን እንዳለበት በሰንጠረዥ ያስቀምጠዋል።

ማስተካከያው አጭሯ ዘንግ ላይ ነው። ዳዶዎቹ ሲላሉ ዘንጓ ትረዝማለች ወይም ታጥራለች። ስትረዝም ማንሻው ወደ ላይ ይገፋል፤ የኋላው ፍሬን ይጨምራል። ስታጥር ይቀንሳል። ከመንካትህ በፊት የነበረውን ርዝመት በሜትር ለክተህ ጻፈው። በትንሽ በትንሹ ሂድ። ባሌስትራው መኪናውን ብዙ ከፍ ካደረገው ዘንጓ አትደርስም። ያኔ አክስሉ ላይ ያለው መያዣ በተነሳው ቁመት ልክ ከፍ ይደረጋል። ጥሩ በያጅ ይሠራዋል። ግን ቱቦው አጠገብ ብየዳ እንዳይሆን፤ መያዣው ተፈትቶ ወጥቶ ይሠራ።

ቅድም ያዘው ያልኩህን አምጣው። ባሌስትራው ስለጠነከረ በአንድ ርዝመት ባዶውንም ሙሉውንም ልክ ማድረግ ላይቻል ይችላል። አንዱን መምረጥ ከመጣ ባዶውን ምረጥ። ባዶ ሲሆን የኋላው ከፊቱ በፊት እንዳይቆለፍ አድርገህ አስቀምጥ። ጭነት ላይ የኋላው ትንሽ ቢለግም መቆሚያ ርቀትህ ይረዝማል። ርቀትን በፍጥነት ቅነሳ ታካክሳለህ። መሽከርከርን በምንም አታካክስም። ከሁሉ የሚሻለው ግን፣ እኔን ብትሰማኝ፣ የጨመርካቸውን ባሌስትራዎች አስወጥተህ መኪናው የተፈቀደለትን ብቻ መጫን ነው። ባሌስትራ መጨመር መኪናው ሲጫን እንዳይጎብጥ ያደርጋል። ፍሬኑን፣ አክስሉን፣ ኩሺኔታውን አያጠነክርም። ገበያው እንዴት እንደሚገፋችሁ አውቃለሁ። አንድ ኩንታል ትርፍ የነዳጁን እንደምትመልስም አውቃለሁ። ግን ከደብረ ታቦር ወደ ወረታ የምትወርደውን አስብ።

ከ2700 ሜትር ገደማ ተነስተህ ወደ 1800 ነው የምትወርደው፤ ያውም በ40 ኪሎ ሜትር ውስጥ። ያ ሁሉ ኃይል በሙቀት መልክ ፍሬንህ ላይ ነው የሚያልቀው። የኋላው ካልሠራ ሁሉም የፊቱ ላይ ይወድቃል። ለዚህም ቀላል መፈተሻ አለ። ቁልቁለቱ እንዳለቀ ወረታ ላይ ቁም። የፊት ፍሬኑ ብረትና የኋላው ታምቡር ላይ ጠብታ ውኃ በጣትህ ረጨት አድርግ፤ እጅህን ግን አታስነካ። የፊቱ ላይ ጠብታው ጭስ ብሎ ጠፍቶ የኋላው ታምቡር ላይ ዝም ብሎ ከወረደ የኋላው እያገዘ አይደለም። የፊቱ ትንሽ በርትቶ መሞቁ ግን የተለመደ ነው።

በዚያ ቁልቁለት ፍሬኑ ከደከመ ደግሞ ሁልጊዜ ቫልቭ አይደለም። የፍሬን ዘይት እርጥበት ይስባል። ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፤ ውኃ ሲስብ ወደ 140 ይወርዳል። ዶት 4 ከ230 ወደ 155 ነው። ዘይቱ ሲፈላ እንፋሎት ይፈጥራል፤ ፔዳሉ ድንገት ወለል ይነካል። በሁለት ዓመት አንዴ ይቀየር። በምንም ዓይነት የሞተር ዘይት ወይም የካምቢዮ ዘይት አይጨመርበት፤ ጎሚኒዎቹን ያሳብጣቸዋል፤ ቫልቧንም ጭምር ያጠፋል። ቁልቁለቱንም በከባድ ማርሽ ውረድ፤ የወጣህበትን ማርሽ ያዝ። ፍሬኑን ተጭነህ አታዝግም፤ ጠበቅ አድርገህ ያዝ፣ ልቀቅ፣ ይቀዝቅዝ።

ዘይቱ ሲቀየር ወይም አየር ሲወጣ አንድ ነገር አደራ። መኪናው በክሪክ ሻንሲው ላይ ተነስቶ አክስሉ ተንጠልጥሎ አይሠራ። አክስሉ ሲንጠለጠል ማንሻው ወደ ታች ይወርዳል፤ ቫልቧ «ባዶ ነው» ብላ ለኋላው ትቆጥባለች። አየሩም በደንብ አይወጣም። መኪናው በጎማው ይቁም፤ ካልሆነም መደገፊያው ከአክስሉ ሥር ይሁን። ቫልቧ የራሷ ማስወጫ ብሎን ካላት እሷም ትከፈት። ብዙ ጊዜ ተረስታ አየሩ እዚያ ይቀራል። ከዚያ ሰዉ «ፍሬኑ አልስተካከል አለ» ይላል።

ቫልቧ የምትቀየር ከሆነች አዲስ ግዛ። አዲስ ካጣህና ከአዲስ አበባው ሶማሌ ተራ ያገለገለች ብታስመጣ፣ የመኪናህን የሻንሲ ቁጥር ይዘህ ትክክለኛዋን ሞዴል አስፈልግ። መልኳ ተመሳሳይ ሆኖ ልኳ የተለያየ ቫልቭ አለ። የደብል ጋቢናዋና የሲንግል ጋቢናዋ እንኳ ላይገጥሙ ይችላሉ። በእጅ የሚጠመዘዘውንና ጭነት የማያየውን የእሽቅድምድም ቫልቭ የሚሸጥልህ ቢመጣ አትግዛ። ጠዋት ባዶ ማታ ሙሉ ለሚሆን መኪና አይሆንም።

ሁሉም ካለቀ በኋላ ሙከራ አለ። ሰው፣ ባጃጅና ከብት የሌለበት ባዶ ሜዳ ምረጥ። መሬቱ ደረቅና ለጥ ያለ ይሁን። መኪናው ባዶ። በ30 ኪሎ ሜትር ጀምር። ራቅ ብሎ ከጎን የቆመ ሰው ጎማዎቹን ይይልህ። ፔዳሉን ጠበቅ አድርገህ ስትይዝ ቀድሞ መቆለፍ ያለበት የፊቱ ነው። የኋላው ከቀደመ ዘንጓ ታጥራ ሙከራው ይደገም። በ30 ካልተስተካከለ ወደ 50 አትሂድ። ባዶው ሲስማማህ ግማሽ ጭነት ጭነህ ሞክር፤ ከዚያ ሙሉውን።

ለመካኒኩ ይህን ጽሑፍ አሳየው። ሁለቱን ንባቦች፣ ማንሻው ወርዶና ማንሻው ወጥቶ፣ ከመኪናው የሥሪት ዓመት ጋር ጻፍልኝ። የዘንጓን የድሮ ርዝመትም ጨምርበት።